የልዩ ፍላጎት ክፍል እንገንባ ወይስ ያሉትን ክፍሎች እናስተካክል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቡታጅራ አካባቢ ያለ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «በሁለት ብሎክ ስምንት መማሪያ ክፍሎች አሉን። ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ጣራቸው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የላቸውም። በሁለት ፈረቃ እናስተምራለን፤ በአንድ ክፍል እስከ 60 ልጅ ይቀመጣል። 4ኛ ክፍል በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ልጅ አለች። ዓይናቸው በደንብ የማያይ ሁለት ልጆች አሉን፤ አንዱ አልቢኒዝም (ቆዳው፣ ፀጉሩና ዓይኑ ተፈጥሯዊ ቀለም የሚያንሰው) አለበት። ጆሮው የሚከብደው አንድ ልጅ አለ። አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ከክፍል ይወጣል። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ያሰባሰበው ገንዘብ አንድ ክፍል ለማሠራት ይበቃል። ኮሚቴው ለልዩ ፍላጎት የሚሆን ክፍል ይገንባ፣ የተረፈው ለግድግዳ ሥዕል ይዋል ብሏል። ምን ይመክሩናል?»

ጤና ይስጥልኝ። የኔ ምክር አዲሱን ክፍል ቢያንስ ዘንድሮ አትገንቡት ነው። አምስቱ ልጆች የትምህርት ጊዜያቸውን በሙሉ የሚያሳልፉት በመደበኛው ክፍል ውስጥ ነው። ለብቻው የሚሠራው ክፍል ቢበዛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያገለግላቸዋል፤ እሱም የልዩ ፍላጎት መምህር ከተመደበለት ነው። ካልተመደበለት በሁለተኛው ዓመት የተሰበረ ዴስክና የመጽሐፍ ካርቶን ማከማቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የድጋፍ መስጫ ክፍል አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ብሬል ለመለማመድ፣ የምልክት ቋንቋ ለማስተማር፣ አንድን ልጅ ለብቻው ለማገዝ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ግን ካላችሁ ዕቃ ቤት ወይም ቢሮ አንዱ ተጠርጎ፣ መስኮት ወጥቶለትና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ይበቃል።

በአንድ ክፍል ግንባታ ገንዘብ ስምንቱን ክፍሎች ሙሉ በሙሉ ማስተካከል ላይቻል ይችላል። አንዱን ብሎክ፣ ማለትም አራት ክፍሎችን ከመንገዱና ከሽንት ቤቱ ጋር መጨረስ ግን ይቻላል። ስምንቱንም በትንሽ በትንሹ ከመንካት አንድ ብሎክ መጨረስ ይሻላል፤ ምክንያቱን መንገዱ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ከመንገዱ እንጀምር። አናጺም ግንበኛም ከመጥራታችሁ በፊት ልጅቱን ከነዊልቸሯ ይዛችሁ ከግቢው በር እስከ መቀመጫዋ፣ ከመቀመጫዋ እስከ ሽንት ቤት፣ ከዚያ እስከ ውኃ ቧንቧና እስከ ባንዲራ መስቀያው ሂዱ። አትግፏት፣ ራሷ ትግፋ። የቆመችበት ቦታ ሁሉ ላይ ችካል ምቱ። አብዛኛውን ጊዜ ችካሎቹ የሚበዙት ኮሚቴው ባሰበበት በደረጃው ጋ ሳይሆን ከግቢው በር እስከ ብሎኩ ባለው ጭቃ፣ በጎርፍ መውረጃ ቦይና በክፍሉ በር ደፍ ላይ ነው። ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ተሠርቶለት አንድም ዊልቸር የማይወጣበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ራምፑ የሚጀምረው ከጭቃ መሃል ስለሆነ። አንዱ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀለበት ከጎደለ የቀረው ሁሉ ወጪ ብቻ ነው። አንድ ብሎክ ጨርሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ራምፑን በልክ እንሥራ። የበረንዳው ከፍታ ከመሬት 45 ሳንቲም ነው እንበል። ቁልቁለቱ 1 ለ 12 ይሁን፤ ማለትም ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲም ከፍታ 12 ሳንቲም ርዝመት። ስለዚህ 45 ሲባዛ በ12፣ 5 ሜትር ከ40 ይመጣል። ቦታ ካላችሁ 1 ለ 15 አድርጉት፤ 6 ሜትር ከ75 ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ክንድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 1 ለ 8 ሲሆን ገፊ ይፈልጋል፤ 1 ለ 5 ሲደርስ ዊልቸሩ ወደኋላ ሊገለበጥ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ የምናየው 2 ሜትር ራምፕ ለ45 ሳንቲም ከፍታ ከዚያም የባሰ ነው፤ ለሪፖርት ፎቶ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

5 ሜትር ከ40 ወደ ግቢው መሃል እንዲወጣ አታድርጉት፤ የበረንዳውን ጎን ተከትሎ ይሂድ። ልጆች አያደናቅፍም፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ስለሚሆን ዝናብም ይቀንስለታል። መተላለፊያው ንጹሕ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ላይና ታች 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ደልዳላ ማረፊያ ያስፈልገዋል፤ ዊልቸር የሚዞረው በዚያ ስፋት ነው። ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲም ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፤ የፊት ጎማ ከጠርዝ እንዳይወርድ። መደገፊያው ብረት በሁለቱም በኩል ሁለት ደረጃ ይሁን፦ አንዱ 90፣ ሌላው ለትንንሾቹ 65 ሳንቲም ላይ። የብረቱ ውፍረት በልጅ እጅ የሚጨበጥ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም።

ዕቃው ይህን ያህል ነው። ሥሩ በድንጋይና በገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቀጠቅ። ከላይ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ሲፈስበት፣ ራምፑና የላይኛው ማረፊያ አንድ ላይ በግምት 1 ሜትር ኩብ ይወስዳሉ። በ1 ለ 2 ለ 3 ድብልቅ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 7 ከረጢት፣ አሸዋ ግማሽ ሜትር ኩብ፣ ጠጠር ሦስት አራተኛ ሜትር ኩብ ገደማ ያዙ፤ ለሚባክነው ትንሽ ጨምሩ። የታችኛውን ማረፊያና ጠርዙን ለብቻ አስሉት። ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ደርቋል ብለው በሦስተኛው ቀን ዕቃ እንዳያመላልሱበት።

አጨራረሱ ላይ ከግንበኛው ጋር መጨቃጨቃችሁ አይቀርም። ጥሩ ግንበኛ ሥራውን የሚያሳየው ሊሾ አስመስሎ በማለስለስ ነው፤ ሊሾ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ክራንች ለያዘም ለጤነኛውም ወጥመድ ነው። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር በሻካራ መጥረጊያ ከቁልቁለቱ አግድም ይቧጠጥ። ይህን በውሉ ላይ ጻፉት። የመጨረሻው ክፍያም ልጅቱ ብቻዋን ወጥታ እስክትወርድ ድረስ ይያዝ።

ከግቢው በር እስከ ራምፑ ያለው መንገድ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ይበቃዋል። 20 ሳንቲም ያህል ተቆፍሮ ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ 8 ሳንቲም ኮንክሪት ይልበስ፤ ውኃ እንዳይቋጥር በሜትር 2 ሳንቲም ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። ኮብልስቶን ይሻላል የሚል ሰው በኮሚቴው ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ኮብልስቶን ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለዊልቸር ትንሽ ጎማ ግን በየመገጣጠሚያው ይነክሳል፣ ያንገጫግጫል። ኮብልስቶን አስቀድሞ ተነጥፎ ከሆነ መሃሉ ላይ የኮንክሪት መስመር ማውጣት ይቻላል። የመንገዱ ጠርዝ በነጭ ኖራ ወይም በቢጫ ቀለም ይሰመር፤ የደረጃዎቹ ጫፍም እያንዳንዱ 5 ሳንቲም ስፋት ባለው ቢጫ። ዓይኑ የደከመ ልጅ ግራጫ ሲሚንቶ ላይ የተሠራ ግራጫ ደረጃ አይታየውም።

በሩ ንጹሕ 90 ሳንቲም መከፈት አለበት። የላሜራ በርና ፍሬሙ የሚበሉትን ስታስቡ ግድግዳው ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ በረንዳ የሚከፈት ከሆነ እስከ ግድግዳው ተገልብጦ ይለጠፍ፤ ግማሽ ተከፍቶ የቆመ በር በረንዳውን ይዘጋል፣ ማየት የተሳነውንም ግንባሩን ይመታል። ደፉ ላይ ያለችው 3 ሳንቲም ከፍታ ለእናንተ ምንም አይደለችም፤ ለዊልቸር የፊት ጎማ ግን ግድግዳ ናት። በሲሚንቶ 36 ሳንቲም ርዝመት ባለው ተዳፋት አስተካክሏት።

ያለ ወጪ የሚሆን ነገርም አለ፦ 4ኛ ክፍልን ለራምፑና ለሽንት ቤቱ ወደሚቀርበው ክፍል አዛውሩት። በሚመጣው ዓመት 5ኛ ክፍልን እዚያው አድርጉት። ክፍሉ ከልጅቱ ጋር ይቆያል፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ይቀየራል።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ ይመክራል። በአንድ ፈረቃ 480 ልጅ፣ ግማሹ ሴት ከሆነ፣ 10 ለሴቶች፣ 5 ለወንዶች ማለት ነው። ዛሬውኑ እዚያ አትደርሱም፤ አሁን የሚሠራው ግን ከሴቶቹ በኩል አንድ፣ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል ነው። የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ መቀመጫው ከ40 እስከ 45 ሳንቲም ከፍታ ያለው ከሲሚንቶ ወይም ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ጎኑ 70 ሳንቲም ላይ የሚጨበጥ ብረት ያለው። መቀርቀሪያው በጡጫም የሚገፋ ይሁን። በዚያው የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ውኃ፣ ቦርሳ ማንጠልጠያ፣ ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ቅርጫትና ትንሽ መደርደሪያ ይግቡ። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከውጭ እግር እንዳያሳይ ይጥበብ።

የነዚህ ክፍሎች ዋና በሽታ ቁልፍ ነው። «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከመምህርት እገሊት ጋር ነው፣ መምህርቷ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። የወር አበባዋ የመጣ ልጅ ቁልፍ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አትዞርም፤ ቤቷ ትሄዳለች። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ከውጭ የማይቆለፍ አድርጉት፤ የጽዳቱን ነገር በተረኛ ፍቱት።

አሁን ወደ ድምፅ እንሂድ። ብዙ ኮሚቴ የማያነሳው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የማውልበት ነገር ይሄ ነው፤ ጆሮው የሚከብደውን ልጅ፣ ከጫጫታ የሚሸሸውን የ2ኛ ክፍል ተማሪ፣ መምህሩንና የቀሩትን ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነካ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ይዋጣል። ሁለተኛ፣ ሊሾ ወለል፣ ልስን ግድግዳና ቆርቆሮ ድምፅን ስለማይውጡ እያንዳንዱ ቃል ከቀጣዩ ጋር ይደራረባል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው፦ ሁለት ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳውን ከላይ የሚያስረው የኮንክሪት ማሰሪያ) ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ ጣራው ክፍት ነው። የ3ኛ ክፍል የማባዣ ሰንጠረዥ 4ኛ ክፍል ድረስ የሚሰማው በዚያ ሦስት ማዕዘን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያ ሦስት ማዕዘን ይዘጋ። ብሎኬት ከከበደ የቀርከሃ ማገር ቆሞ በሁለቱም በኩል ወፍራም ጭቃ ይመረግ፤ ክብደት ያለው ነገር ነው ድምፅ የሚያቆመው፣ ማዳበሪያ ጆንያ ወጥሮ መዝጋት ዋጋ የለውም። ከዚያ ኮርኒሱ።

ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በስሌት ማወቅ ይቻላል። ክፍሉ 7 በ8 ሜትር፣ ኮርኒሱ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው። በመማሪያ ክፍል ድምፅ ተንገዋሎ እስኪጠፋ ከ0.6 ሰከንድ በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። በተለመደው የድምፅ ቀመር 0.161 በ168 ተባዝቶ ለ0.6 ሲካፈል 45 ይመጣል፤ ክፍሉ ድምፅን ጨርሶ የሚውጥ 45 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ይፈልጋል ማለት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ከነልብሳቸው ከ16 እስከ 18 ያህሉን ይሸፍናሉ። የቀረውን 28 ገደማ ከኮርኒሱ እናገኛለን፦ 56 ካሬ ሜትር ኮርኒስ የደረሰበትን ድምፅ ግማሹን ከዋጠ በቂ ነው።

ለዚህ ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ብቻውን አይሆንም። ዝናቡን በመጠኑ ይቀንሳል፣ የክፍሉን ጫጫታ ግን መልሶ ወደ ልጆቹ ያንጸባርቃል፤ ገንዘብ አውጥታችሁ ግማሽ ችግር ትፈታላችሁ። በእናንተ አካባቢ ርካሽና የሚሠራ ነገር አለ፦ የቀርከሃ ምንጣፍ ከታች፣ በላዩ አቡጀዲ፣ በአቡጀዲው ላይ ደግሞ 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው የተፈታ ቃጫ። ድምፅ በምንጣፉ ቀዳዳዎች ያልፋል፣ ቃጫው ውስጥ ይቀራል። አቡጀዲው አቧራና ብናኝ ልጆቹ ላይ እንዳይወርድ ነው። ምንጣፉን ለማብራት ነጭ ኖራ በስሱ መቀባት ትችላላችሁ፤ ወፍራም ዘይት ቀለም ከተቀባ ግን ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉና ኮርኒሱ ተራ ሳንቃ ሆኖ ይቀራል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ቃጫው ይበሰብሳል፣ ይሸታል፤ ስለዚህ ኮርኒስ ከመሰቀሉ በፊት የላሉ ምስማሮች ከነጎማቸው ይቀየሩ። በነገራችን ላይ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ በዝናብም በንፋስም ከሌላው በላይ ይጮኻል፤ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። አይጥና ምስጥ እንዳይገባ የዳር ክፍተቶች በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ፤ ጨርሶ አይደፈኑ፣ አየር ካልተንቀሳቀሰ እርጥበት ይይዛል። ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይሁን፤ ቃጫ በእሳት ይያያዛል። ይህን መቆጣጠር አንችልም ካላችሁ በቃጫው ፋንታ የድንጋይ ሱፍ ተጠቀሙ፤ ዋጋው ይጨምራል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ዶፍ ሲወርድ ክፍሉ ጸጥ አይልም። ለዚያ ሰዓት የጽሑፍ ሥራ መያዝ የመምህሩ ብልሃት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የዴስክና የወንበር እግሮች በአሮጌ ካላማዳሪያ ይጠቅለሉ፤ ብረት በሊሾ ላይ ሲጎተት የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ ደወላችሁ የተሰቀለ ቸርኬ ከሆነ የት እንደተሰቀለ ተመልከቱ። ከ2ኛ ክፍል መስኮት አጠገብ ከሆነ ያ ልጅ በየክፍለ ጊዜው የሚሸሸው ምን እንደሆነ ግማሽ መልስ አገኛችሁ። ወደ ቢሮው ጓሮ አዛውሩትና በድንገት ከመምታት በቀስታ ጀምሮ ይመታ። ስለ ልጁ ሁኔታ ከዚህ በላይ ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው፤ ቦታውን ለማስተካከል ግን ስሙን መጠበቅ አያስፈልግም።

ለዚሁ ልጅ ከክፍሉ ኋላ ጥግ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ ሰሌን የተነጠፈበት ቦታ ስጡት። ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ ክፍሉን የሚያይ፣ መጋረጃ የሌለው። ሲጨንቀው ካርድ አሳይቶ ይሄዳል፣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ይመለሳል። ሌላ ልጅም ቢፈልግ ይሂድ። አንድ መምህር አንድ ቀን «ረበሽክ፣ እዚያ ጥግ ሂድ» ካለ ግን አበቃለት፤ መቀጫ ቦታ ሆኗል፣ ከዚያ በኋላ በፈቃዱ የሚሄድ ልጅ አታገኙም።

ብርሃን ላይ ስንመጣ የመስኮቱ ስፋት የወለሉ አንድ አምስተኛ ይሁን፤ ለ56 ካሬ ሜትር 11 ካሬ ሜትር ገደማ፣ በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳዎች ተከፍሎ። ፊት ለፊት መሆኑ አየርም እንዲያልፍ ነው፤ 60 ልጅ ባለበት ክፍል የተዘጋ አየር ማለት እንቅልፍም ጉንፋንም ሳንባ ነቀርሳም ነው። የላሜራ መስኮት ሲዘጋ ጨለማ፣ ሲከፈት ዝናብ ስለሆነ ቢያንስ የላይኛው ሲሶ መስታወት ይደረግለት። ከጣራው ላይ ሁለት ሦስት ብርሃን አስተላላፊ ቆርቆሮ አስገብተን እንገላገል የሚል ሐሳብ ካለ፣ ኮርኒሱ ከሥሩ እንደሚዘጋውና ኮርኒስ ከሌለም የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ደብተር ላይ እንደሚያርፍ አስቡ።

ብሎኩ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነና መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ካዩ ዕድለኞች ናችሁ። በእናንተ ኬክሮስ፣ 8 ዲግሪ ሰሜን ገደማ፣ ፀሐይ በታኅሣሥ ቀትር ወደ ደቡብ ያጋደለች 58 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 1 ሜትር ከ20 ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት ከበላዩ 75 ሳንቲም የወጣ የጣራ ክፈፍ ቀትሩን ሙሉ በሙሉ ያጠላዋል፤ በሰሜን በኩል ለሰኔ 35 ሳንቲም ይበቃል። በረንዳ ያለበት ወገን ችግር የለበትም። መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ግን የከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች በፀሐይ ይጠበሳሉ፤ ክፈፍ አያድናቸውም፣ ዛፍ ወይም የቆመ የቀርከሃ መከለያ ነው መፍትሔው።

አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከፊት ይቀመጥ፣ ከመስኮት ግን ይራቅ። ኃይለኛ ብርሃን ዓይኑን ያጥበረብረዋል። ኮፍያ በክፍል ውስጥ ክልክል ነው የሚል ደንብ ካላችሁ ለሱ ይነሳ፤ የጠዋት ሰልፉንም ከጥላ ሥር ሆኖ ይቁም።

ጥቁር ሰሌዳው ያረጀ፣ ግራጫ የሆነና የሚያብለጨልጭ ከሆነ በሰሌዳ ቀለም እንደገና ይቀባ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር የዚህን ያህል የሚጠቅም የለም። የታችኛው ጠርዙ ከወለል 70 ሳንቲም ላይ ይሁን፤ ትንንሾቹም በዊልቸር ያለችውም ደርሰውበት ይጻፉ። መምህሩ የሚጽፈው ፊደል ቁመት 5 ሳንቲም ይሁን። የኛ ፊደል ልዩነቱ ቅጥያው ላይ ነው፤ ሉ እና ሊ የሚለያዩት አንዲት ጭረት ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። 3 ሳንቲም ሆኖ የተጻፈ «ሊ» ከ8 ሜትር ርቀት ዓይኑ ለደከመ ልጅ «ለ»ም «ሉ»ም ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ማንበብ አይችልም ይባላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሰሌዳው ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ተኩል አስቀምጡት። ከዚያም ከቀረበ የሰሌዳው ጥግ ይጠፋዋል።

ጆሮው የሚከብደው ልጅ ከመምህሩ በ2 ሜትር ገደማ፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮው ወደ ክፍሉ ይሁን። መምህሩ መስኮትን ከጀርባው አድርጎ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልምና ልጁ ከንፈሩን ማንበብ አይችልም። ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ እየጻፈ አይናገር።

የመቀመጫው ሒሳብ ከባድ ነው። ሦስት ልጅ የሚይዝ ኮምባይንድ ዴስክ (ወንበሩና ጠረጴዛው የተያያዘ) 1 ሜትር ከ50 ርዝመት አለው ብንል፣ 60 ልጅ 20 ዴስክ ይፈልጋል። በ7 ሜትር ግድግዳ ሦስት ረድፍ ሲገባ 2 ሜትር ተኩል መተላለፊያ ይተርፋል። 20 ዴስክ በሦስት ረድፍ ሰባት ሰባት ወደኋላ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ 85 ሳንቲም ሲወስድና ከፊት 2 ሜትር ሲተው 7 ሜትር ከ95 ይሞላል። ክፍሉ አለቀ። ዊልቸር የሚቆምበትም የመረጋጊያው ጥግም የለም። በ54 ልጅ ግን 18 ዴስክ፣ ስድስት ስድስት ይሆንና ከኋላ 90 ሳንቲም ይለቀቃል። ጥጉ ከዚያ ላይ 30 ሳንቲም ስለሚጎድለው፣ የማዕዘኑን ረድፍ የኋላ ዴስክ ትንሽ ወደፊት ጠጋ አድርጉት። ስለዚህ በነዚህ አራት ክፍሎች ስድስት ስድስት ልጅ ወደ ሌላ ሴክሽን ማዛወር ግድ ይላል። ሌላ መንገድ የለውም፤ በወረዳ ደረጃ መከራከር ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። የመሃሉ መተላለፊያ 1 ሜትር ይሁን።

ለልጅቱ ከመተላለፊያው ዳር፣ ከፊት ወይም ከሁለተኛው ረድፍ፣ ወንበሩ ያልተያያዘ ጠረጴዛ ይሠራላት፦ ከሥሩ የጉልበት ክፍተቱ 65 እስከ 70 ሳንቲም ከፍታ፣ 80 ስፋት፣ 50 ጥልቀት። ከጎኗ ጓደኛዋ የምትቀመጥበት ወንበር ይኑር፤ ለብቻዋ ከፊት ማቆም ማግለል ነው። ለሌሎቹም አዲስ ዴስክ ስታሠሩ ሁሉም አንድ ልክ አይሁን። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ20 በታች ለሆነ ልጅ መቀመጫ 31፣ ጠረጴዛ 53 ሳንቲም፤ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል መቀመጫ 35 ወይም 38፣ ጠረጴዛ 59 ወይም 64፤ ለ8ኛ 43 እና 71። እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ይቁነጠነጣል፤ ረባሽ የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ስለ ሥዕሉ ብዙ አልልም። ከውጭ በኩል፣ በበረንዳው ግድግዳ ላይ ይሳል። በክፍሉ ውስጥ ሰሌዳው ያለበት ግድግዳ ባዶና አንድ ቀለም ይሁን፤ ዓይን የሚስብ ነገር ሁሉ ከመምህሩ ጋር ይሻማል። ታችኛው 1 ሜትር ከ20 የሚታጠብ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ የማያብለጨልጭ ነጭ። ከተረፈ ገንዘብ ከሥዕል ይልቅ ግቢው ውስጥ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ተክላችሁ ከሥሩ መቀመጫ ሥሩ፤ መሮጥ የማይችል ወይም የማይፈልግ ልጅ በዕረፍት ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ይፈልጋል፣ ከቢሮ መስኮት የሚታይም ይሁን።

ኮሚቴውን ለማሳመን ሕግም አላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ ራምፑና ሽንት ቤቱ የችሮታ ጉዳይ አይደሉም፤ አዲሱ ክፍል ግን አማራጭ ነው።

በመጨረሻ የጊዜ ሰሌዳው። የኮንክሪት ሥራ በታኅሣሥና በጥር ይጀመር፤ በበልግ ዝናብ የፈሰሰ ኮንክሪት ላዩ ይታጠባል። ጣራውና ኮርኒሱ ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቁ። የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋ ቢሆንም ጥልቀቱን የምትወስኑት መስከረም ላይ በአቅራቢያው ባለ የውኃ ጉድጓድ ውኃው የት ድረስ እንደሚወጣ ለክታችሁ ነው፤ የጉድጓዱ ወለል ከዚያ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል በላይ፣ ቦታውም ከማንኛውም የመጠጥ ውኃ 30 ሜትር የራቀ ይሁን። ለልጅቱ ሲባል ደግሞ ከክፍሏ ከ30 ሜትር አይበልጥ። ሁለቱም ልክ አብረው የማይገኙ ከሆነ የሚዛወረው ሽንት ቤቱ ሳይሆን ክፍሏ ነው።